ቅድመ ግዢ ማጣራት

ቅድመ ግዢ ማጣራት አንድ ኩባንያ ሌላውን ከመግዛቱ ወይም ከሌላው ጋር ከመዋሐዱ በፊት የሚገዛውን ድርጅት ሒሳብ፣ ሕጋዊ አቋም፣ ንብረት፣ ዕዳ፣ ሠራተኞችና ገበያ የሚመረምርበት ሥራ ነው። ባንኮችና የንግድ ጠበቆች «ዲው ዲሊጀንስ» በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ ይጠሩታል። ምርመራው ሁለት ጥያቄዎችን ለመመለስ ይሞክራል። አንደኛው፣ ሻጩ አለኝ የሚለው ነገር በእርግጥ አለ ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ያ ነገር ቢኖርም እንኳ የተጠየቀውን ዋጋ ያወጣል ወይ የሚል ነው። በዜናም በፍርድ ቤትም ጎልቶ የሚሰማው የመጀመሪያው ቢሆንም፣ ከታች እንደሚታየው የአውቶኖሚ ግዢ ያለ ትልቅ ኪሳራ ግን ከሁለተኛው ሊመጣ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

ስያሜው በንግዱ ዓለም የተስፋፋው ከ1933 የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ሕግ ወዲህ ነው። ሕጉ የወጣው የ1929 የኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያ ውድቀትን ተከትሎ ነው። አንድ ኩባንያ አክሲዮን ወይም የብድር ሰነድ ለሕዝብ ሲሸጥ ያቀረበው መግለጫ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ፣ ኩባንያው ብቻ ሳይሆን ዳይሬክተሮቹና ሽያጩን ያካሄዱት ባንኮች ጭምር እንዲጠየቁ ያደርጋል። ከኩባንያው በቀር ሌሎቹ ከተጠያቂነት የሚያመልጡበት ዋናው መንገድ፣ ምክንያታዊ ምርመራ አድርገው መግለጫው እውነት መሆኑን በበቂ ምክንያት ማመናቸውን ማስረዳት ነው። ጠበቆች ይህን መከላከያ «ዲው ዲሊጀንስ» አሉት፤ ቃሉም ከአክሲዮን ሽያጭ ወደ ኩባንያ ግዢ ተሻገረ።

ምን ያህል ምርመራ በቂ እንደሆነ ካሳዩ ውሳኔዎች አንዱ በ1968 በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት የታየው የባርክሪስ ጉዳይ ነው። ባርክሪስ የቦውሊንግ መጫወቻ አዳራሾችን የሚሠራ ኩባንያ ነበር። ፍርድ ቤቱ፣ የኩባንያው ኃላፊዎች የነገሯቸውን ይዘው ውሎቹንና መዝገቦቹን ራሳቸው ሳያገላብጡ የቀሩት ዳይሬክተሮችና ባንኮች ተጠያቂ ናቸው አለ። ኃላፊውን ጠይቆ መልሱን መጻፍ ብቻውን ምርመራ እንዳልሆነ ከዚያ ወዲህ የታወቀ ሆነ።

በእንግሊዝ ሕግ ግን ጉዳዩ ከሌላ አቅጣጫ ታይቷል፤ ያልመረመረ ገዢ ከተታለለ ምን ይሆናል? በ1881 የታየው የሬድግሬቭና የኸርድ ክርክር በበርሚንግሃም ስለነበረ አንድ የጥብቅና ቢሮ ነው። ሬድግሬቭ በዕድሜ የገፉ ጠበቃ ነበሩ፤ ቢሯቸውን የሚጋራና ቤታቸውንም የሚገዛ ሰው ሲፈልጉ ቢሮው በዓመት ከ300 ፓውንድ በላይ ያስገባል አሉ። ያሳዩት ማጠቃለያ ግን ወደ 200 ፓውንድ ብቻ ይደርስ ነበር። ቀሪው በእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ ይገኛል ብለው አንድ ጥቅል አመለከቱ። ኸርድ ጥቅሉን አልፈተሸም። ቢፈትሸው ኖሮ ምንም የረባ ገቢ እንደሌለበት ያይ ነበር። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ማጣራት ይችል ነበር ማለት የተናገሩትን ሐሰት አያነጻም ብሎ ውሉን አፈረሰ። ይህ መርሕ ከ130 ዓመት በኋላም የአሥራ አንድ ቢሊዮን ዶላር ግዢ ክርክር ላይ ጥላውን ጥሏል።

የሚመረመረው

ሥራው በመሠረቱ ቤት የሚገዛ ሰው ከሚያደርገው አይለይም። አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው ግድግዳውን አይቶ ብቻ ገንዘብ አይከፍልም፤ ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ባንክ እንዳልያዘው፣ የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት ያጣራል። በኩባንያ ግዢ ልዩነቱ፣ አክሲዮኑን የገዛ ሰው ኩባንያውን ከነዕዳው፣ ከነግብሩና ከነክሱ የሚረከብ መሆኑ ነው። ንብረቱን ብቻ ለይቶ የሚገዛ ሰው ከዚህ በከፊል ሊያመልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ከምርመራው የመጀመሪያ ውጤቶች አንዱ ግዢው በየትኛው መንገድ ይሁን የሚለው ውሳኔ ነው።

በተለምዶ ሻጩ ሰነዶቹን በአንድ ቦታ ያከማቻል፤ ድሮ የተቆለፈ ክፍል ነበር፣ ዛሬ በኢንተርኔት የሚከፈት ማኅደር ነው። የሒሳብ ባለሙያዎች ገቢው መቼና በምን ደንብ እንደተመዘገበ፣ ትርፉ በእርግጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ መለወጡን ያያሉ። ጠበቆች ውሎችን፣ ፈቃዶችን፣ ክሶችንና የንግድ ምልክቶችን ያነባሉ። በተለይ የሚፈለገው፣ የኩባንያው ባለቤት ሲለወጥ ውሉ ይቋረጣል የሚል አንቀጽ ነው፤ ትልቁ ደንበኛ እንዲህ ያለ ውል ካለው ገዢው የሚረከበው ባዶ ቢሮ ሊሆን ይችላል። የግብር፣ የአካባቢ ብክለትና የኮምፒውተር ደኅንነት ምርመራዎችም ይጨመራሉ።

የሰነድ ንባብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በ1998 የሮልስ ሮይስ መኪና ፋብሪካ ሽያጭ ላይ ታይቷል። ቪከርስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ፋብሪካውን ለገበያ ሲያቀርብ ቢኤምደብሊው 340 ሚሊዮን፣ ፎልክስዋገን 430 ሚሊዮን ፓውንድ አቀረቡ፤ ፎልክስዋገን አሸነፈ። በክሩ ከተማ ያለውን ፋብሪካ፣ የቤንትሌይን ስም፣ በመኪናው አፍንጫ ላይ የምትቆመውን የሴት ምስል ሳይቀር ወሰደ። «ሮልስ ሮይስ» የሚለው ስም ግን የመኪና ፋብሪካው አልነበረም፤ የአውሮፕላን ሞተር የሚሠራው የተለየ ኩባንያ ነበር። ያ ኩባንያ ስሙን በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ለቢኤምደብሊው ፈቀደ። ከ2003 መጀመሪያ አንሥቶ ሮልስ ሮይስ የሚባለውን መኪና የሚሠራው ቢኤምደብሊው ነው። ፎልክስዋገን በኋላ ቤንትሌይን ትልቅ የንግድ ስም አድርጎታል፤ በከፈለው ገንዘብ የጠበቀውን ሁሉ አገኘ ማለት ግን ያስቸግራል።

ወረቀት ብቻ የማይበቃበት ጊዜም አለ። የአሜሪካው ካተርፒላር በ2012 አጋማሽ ሲዌይ የተባለ የቻይና የማዕድን ማሽን አምራችን ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ጠቀለለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር መጋዘኑ ውስጥ ያለው ዕቃ አንድ በአንድ ሲቆጠር መዝገቡ ላይ ካለው ጋር አልገጠመም። በጥር 2013 ካተርፒላር ለዓመታት የዘለቀ ሆን ተብሎ የተፈጸመ የሒሳብ ጥፋት አገኘሁ ብሎ 580 ሚሊዮን ዶላር ከመዝገብ ሰረዘ። ቆጠራው የተደረገው ግዢው ከተጠናቀቀ ከወራት በኋላ ነበር።

የአውቶኖሚ ግዢ

አውቶኖሚ በ1996 በእንግሊዝ ካምብሪጅ የተቋቋመ የሶፍትዌር ኩባንያ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የሒሳብና የምልክት ጥናት ምሁሩ ማይክ ሊንች ነበሩ። ዋና ምርቱ ኢሜይል፣ ድምፅ፣ ቪዲዮና ሌላም በሰንጠረዥ ያልተደረደረ መረጃ ውስጥ ትርጉም የሚፈልግ ፕሮግራም ነበር። ኩባንያው ራሱን «ንጹሕ ሶፍትዌር» ድርጅት አድርጎ ያቀርብ ነበር፤ ይህ አባባል ለአክሲዮኑ ዋጋ ትልቅ ትርጉም ነበረው። አንድ ጊዜ የተጻፈ ሶፍትዌር ደጋግሞ ሲሸጥ ተጨማሪ ወጪው ትንሽ ስለሆነ፣ ባለሀብቶች ለእንዲህ ያለ ገቢ ኮምፒውተር ገዝቶ ከሚሸጥ ነጋዴ ገቢ ይልቅ ብዙ እጥፍ ይከፍላሉ።

ገዢው ሂውሌት ፓካርድ ወይም በአጭሩ ኤችፒ ነበር። በ2010 መጨረሻ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆኑት ሊዮ አፖቴከር ከጀርመኑ የሶፍትዌር ኩባንያ ከኤስኤፒ የመጡ ሲሆኑ፣ ትርፉ ከሳሳው የኮምፒውተር ሽያጭ ኤችፒን ወደ ሶፍትዌር ማዞር ፈልገው ነበር። ነሐሴ 18 ቀን 2011 ኤችፒ ለአውቶኖሚ እያንዳንዱ አክሲዮን 25.50 ፓውንድ፣ በድምሩ 11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚከፍል አስታወቀ። ዋጋው ከዋዜማው የገበያ ዋጋ በ64 በመቶ ይበልጥ ነበር። አውቶኖሚ በ2010 ያስገባው ገቢ 870 ሚሊዮን ዶላር ስለነበር፣ ኤችፒ የከፈለው የአንድ ዓመት ገቢውን አሥራ ሁለት እጥፍ ያህል ነው። የኤችፒ የፋይናንስ ኃላፊ ካቲ ሌስጃክ ግዢውን ተቃውመው ነበር። በዚያው ቀን የግል ኮምፒውተር ሥራውን ሊለይ እንደሚችልም ተነግሮ ስለነበር፣ በማግስቱ የኤችፒ አክሲዮን ዋጋ በአንድ ቀን 20 በመቶ ወደቀ።

የተወዳዳሪው የኦራክል አቋም እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባል። ኦራክል በዚያው ዓመት ሚያዝያ አውቶኖሚ እንዲገዛው ቀርቦለት እንደነበር፣ በጊዜው የነበረው ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የገበያ ዋጋ ራሱ እጅግ የተጋነነ መስሎት እንደተወው ገልጿል። ሊንች ሽያጭ አላቀረብንም ብለው ቢያስተባብሉም፣ አንድ ሌላ ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ያንኑ ድርጅት አይቶ የደረሰበት ግምት ኤችፒ ከከፈለው ግማሹን ያህል ነበር።

ኤችፒ ያደረገው ማጣራት በጥቂት ሳምንታት የተወሰነ ሲሆን፣ ኬፒኤምጂ የተባለው የሒሳብ ድርጅት ረድቶታል። ለምርመራው ጠባብነት የእንግሊዝ የኩባንያ ጥቅለላ ደንብም አስተዋጽኦ አለው። አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ለአንድ ገዢ የከፈተውን መረጃ ሌላ ተወዳዳሪ ገዢ ቢመጣ ለእርሱም መስጠት አለበት፤ ስለዚህ ምሥጢሩን ይቆጥባል። ገዢው በአብዛኛው የሚመካው በታተመውና ኦዲት በተደረገው ሒሳብ ነው። የአውቶኖሚ ኦዲተር የነበረው ዴሎይት ሒሳቡን አጽድቆት ነበር። ደንቡ ሌላም ነገር ያስከትላል፤ ገዢው ቁርጥ ያለ የግዢ ሐሳቡን አንዴ ካስታወቀ በኋላ በቀላሉ ሊያፈገፍግ አይችልም። አፖቴከር መስከረም 22 ቀን ከሥራ ሲነሡና ሜግ ዊትማን ሲተኩ ግዢው ገና አልተጠናቀቀም ነበር፤ ግን የሚመለስበት መንገድ ጠብቦ ነበርና ጥቅምት 3 ቀን ተፈጸመ።

ሊንች በግንቦት 2012 ኩባንያውን ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ከአውቶኖሚ ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዱ ለኤችፒ ጥቆማ አቀረበ። ኅዳር 20 ቀን 2012 ኤችፒ ከአውቶኖሚ ዋጋ 8.8 ቢሊዮን ዶላር መሰረዙን፣ ከዚህም ከ5 ቢሊዮን በላይ የሚሆነው ከሒሳብ ማጭበርበር ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታወቀ። ሊንች ክሱን በሙሉ ካዱ፤ ጥፋቱ ኩባንያውን ማስተዳደር ያልቻለው የኤችፒ ነው አሉ።

በኋላ በፍርድ ቤት ከተዘረዘሩት ነገሮች ሁለቱ የማጣራትን ሥራ ለሚያጠና ሰው በተለይ ጠቃሚ ናቸው። የመጀመሪያው የኮምፒውተር ዕቃ ሽያጭ ነው። አውቶኖሚ የሩብ ዓመቱ የሶፍትዌር ሽያጭ ከታቀደው ሲያንስ፣ የሌላ ኩባንያ ኮምፒውተሮችን ገዝቶ በኪሳራ ይሸጥና ገቢውን ከሌላው ጋር ይደምር ነበር፤ የኪሳራውንም ከፊል በሽያጭና ማስታወቂያ ወጪ ሥር ያስቀምጥ ነበር። የገቢው ድምር እውነተኛ ገንዘብ ነው፤ ሐሰት የሆነው «ንጹሕ ሶፍትዌር» የሚለው ገጽታ ነው። ሁለተኛው በሻጭ ወኪሎች በኩል የተመዘገበው ገቢ ነው። የሩብ ዓመቱ መዝጊያ ሲቃረብ ሶፍትዌሩ ለወኪል ተሸጠ ይባላል፤ የመጨረሻው ደንበኛ ግን ገና አልፈረመም፣ ወኪሉም ከራሱ ኪስ ይከፍላል ተብሎ አይጠበቅም። ሁለቱም ድርጊቶች በታተመው የዓመት መግለጫ ላይ አይታዩም። የሚታዩት የሽያጩን ዝርዝር ደረሰኝ በደረሰኝ፣ ደንበኛ በደንበኛ በማየት ነው።

የፍርድ ሒደቱ

ኤችፒ በ2015 ለሁለት ተከፍሎ የአውቶኖሚ ክስ ለሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ደረሰ። ኩባንያው በለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊንችንና የፋይናንስ ኃላፊ የነበሩትን ሱሾቫን ሁሴንን 5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ካሳ ጠየቀ። የእንግሊዝ ከባድ ማጭበርበር መርማሪ ቢሮ የወንጀል ምርመራውን በቂ ማስረጃ የለም ብሎ በጥር 2015 ዘግቶት ነበር። በአሜሪካ ግን ሁሴን በ2018 ጥፋተኛ ተብለው በ2019 አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። ዴሎይትም ስለ አውቶኖሚ ኦዲት በ2020 የ15 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ተጥሎበታል።

የለንደኑ ክርክር በ2019 ተጀምሮ 93 ቀን ችሎት ፈጀ። ዳኛ ሂልድያርድ በጥር 2022 ባብዛኛው ለኤችፒ ኢንተርፕራይዝ ፈረዱ፤ ካሳው ግን ከተጠየቀው በጣም ያነሰ እንደሚሆን በዚያው ጊዜ አመለከቱ። ሊንች በግንቦት 2023 ለአሜሪካ ተላልፈው ተሰጡ። ሰኔ 6 ቀን 2024 የሳን ፍራንሲስኮ ጁሪ እርሳቸውንና የቀድሞውን የፋይናንስ ምክትል ስቲቨን ቻምበርሌይንን ከቀረበባቸው ክስ ሁሉ ነፃ አላቸው። ሁለቱ ውሳኔዎች የሚጋጩ ቢመስሉም የማስረጃው መለኪያ ይለያያል፤ የወንጀል ክስ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ ሲኖርበት በፍትሐ ብሔር ግን የሚያመዝነው ይበቃል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሁለቱም በተለያየ አደጋ ሞቱ። ቻምበርሌይን በመኪና ተገጭተው፣ ሊንች ደግሞ ነጻ መውጣታቸውን እያከበሩበት የነበረው መርከብ በሲሲሊ ዳርቻ ሲሰጥም ነው።

በሐምሌ 2025 ዳኛው ካሳውን ወሰኑ። የሊንች ውርስና ሁሴን በድምሩ ከ700 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዲከፍሉ ታዘዘ። የዚህ አብዛኛው፣ 646 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ኤችፒ በከፈለውና እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ይከፍለው በነበረው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የውሳኔው ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ዳኛው እንዳገኙት ኤችፒ እውነቱን ቢያውቅም አውቶኖሚን ይገዛ ነበር፤ የሚቀንሰው ከዋጋው አንድ አሥረኛ ያህሉን ነው። ስለዚህ ከተሰረዘው 8.8 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ በሐሰት ሒሳብ የተወሰደው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ቀሪው ኤችፒ ራሱ ለአውቶኖሚ የሰጠው ግምት ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ኪሳራ የሚከሰስ ሻጭ የለም።

በክርክሩ ሁሉ ተከላካዮቹ ኤችፒ በጥድፊያ ገዝቷል ማለታቸው አልቀረም። በእንግሊዝ ሕግ ግን የገዢ ግድ የለሽነት ለአታላይ መከላከያ አይሆንም፤ የሬድግሬቭ ጉዳይ መርሕ ይህ ነው። ኸርድ ወረቀቱን ባይፈትሽም ውሉ ፈርሶለታል። ኤችፒም ካሳ ተፈረደለት፤ ከግዢው እስከ ካሳው ውሳኔ ያለው ጊዜ ግን ወደ አሥራ አራት ዓመት ይጠጋል። አውቶኖሚን ያካተተው የሶፍትዌር ክፍል እስከዚያው በ2017 ወደ ማይክሮ ፎከስ ተዛውሮ ነበር።

ከማጣራት የሚገኝ ውጤት

የማጣራት ሥራ ሁልጊዜ ግዢውን አያስቀርም። ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ዋጋውን ወይም የውሉን ቃል መለወጥ ነው። በጥቂት ሰዎች እጅ ያለ የግል ኩባንያ ሲሸጥ ሻጮቹ ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ያልተገለጸ ክስ የለም እያሉ በውሉ ላይ ማረጋገጫ ይሰጣሉ፤ ከዋጋውም ከፊሉ ለተወሰነ ጊዜ በሦስተኛ ወገን ዘንድ በአደራ ይቀመጣል። አክሲዮኑ በሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች እጅ ያለ እንደ አውቶኖሚ ያለ ኩባንያ ሲገዛ ግን እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የሚሰጥ ሰው ስለሌለ የገዢው ጋሻ የራሱ ምርመራ ብቻ ይሆናል ማለት ይቻላል።

በውል ፊርማና በርክክብ መካከል ያለው ጊዜም ዋጋ አለው። ቬራይዘን በሐምሌ 2016 የያሁን የኢንተርኔት ሥራ በ4.83 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ግዢው ሳይጠናቀቅ ያሁ በመስከረም ከ500 ሚሊዮን በላይ፣ በታኅሣሥ ደግሞ ከአንድ ቢሊዮን በላይ የደንበኞች መለያ መዘረፉን አሳወቀ። ቬራይዘን ውሉን አላፈረሰም፤ በየካቲት 2017 ዋጋው 350 ሚሊዮን ዶላር እንዲቀነስና ከዝርፊያው የሚመጣውን ተጠያቂነት ከፊሉን ሻጩ እንዲሸከም አደረገ። ዝርፊያው በእርግጥ ሦስት ቢሊዮን የሚሆኑትን መለያዎች በሙሉ መንካቱ የታወቀው ርክክቡ ካለፈ በኋላ ነው።

የማሪዮት ሆቴሎች ዕጣ ከዚህ የተለየ ሆነ። ማሪዮት ስታርዉድን በመስከረም 2016 ጠቀለለ፤ የስታርዉድ የክፍል ማስያዣ መረብ ግን ከ2014 ጀምሮ በሰርጎ ገቦች ተይዞ ነበር። ማሪዮት ይህን ያወቀው በ2018 ነው። በ2020 የእንግሊዝ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን 18.4 ሚሊዮን ፓውንድ የቀጣው ስታርዉድን ሳይሆን ማሪዮትን ነበር።